የክሪኬት ዓመታዊ ሽልማትና ሦስት ጥያቄዎች

በየዓመቱ ከስፖርት ዓለም የሚወጣው የተሸላሚዎች ዝርዝር ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ለስሙ ብቻ ነው። ማን አሸነፈ? የየት አገር ሰው ነው? ከተባለ በኋላ ወሬው በዚያው ያበቃል። ዝርዝሩን ማን እንዳወጣው፣ በምን መለኪያ እንዳወጣው፣ ከእነማንስ መካከል መርጦ እንዳወጣው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ምሳሌ ላይ አስቀምጦ መመርመር ነው። ምሳሌውም በዓለም አቀፍ ክሪኬት ለታላላቅ ተጫዋቾች በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት ነው።

ክሪኬትን የመረጥሁት ጨዋታው በመካከላችን የታወቀ ስለ ሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ለአብዛኞቻችን እንግዳ ስለ ሆነ ነው። ስለ እግር ኳስ ሽልማት ብንነጋገር እያንዳንዳችን የምንደግፈው ቡድን ስላለን ክርክሩ ወዲያው ከዳኝነት ወደ ደጋፊነት ይዞራል። በክሪኬት ግን የምናዳላለት ወገን የለንምና ፍርዱን በጸጥታ ለመመልከት እንችላለን። ሁለተኛም ምክንያት አለኝ። ክሪኬት ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደ ነበሩት አገሮች የተስፋፋ ጨዋታ ነው። ገዥና ተገዥ በአንድ ሜዳ ላይ የተገናኙበት፣ ሽልማቱም ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ በጽሑፍ ሲመዘገብ የቆየ በመሆኑ ለጥናት ይመቻል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሀ. ስለ ጨዋታው ጥቂት ማስታወሻ

ክሪኬት ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ የእንጨትና የኳስ ጨዋታ ነው። በሜዳው መካከል 20 ሜትር ያኽል ተራርቀው፣ በሁለት ወገን የተተከሉ ሦስት ሦስት እንጨቶች አሉ፤ ዊኬት ይባላሉ። ከአንዱ ቡድን ወርዋሪው ኳሱን ወደ ዊኬቱ ይወረውራል፤ ከሌላው ቡድን መቺው ፊቱ ሰፋ ባለ እንጨት ኳሱን እየመታ ዊኬቱን ይከላከላል። መቺው ኳሱን መትቶ ከማዶ ከቆመው ጓደኛው ጋር ቦታ ለመለዋወጥ በሮጠ ቍጥር ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡም ሩጫ ይባላል። የተወረወረው ኳስ ዊኬቱን ከመታ፣ ወይም የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ከጨዋታ ይወጣል፤ ወርዋሪውም አንድ ዊኬት ጣለ ይባልለታል። በአገሮች መካከል የሚደረገውና ቴስት የሚባለው ትልቁ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ በአንድ ቀን የሚያልቅና ከዚያም ያጠረ ዐይነት ግጥሚያ አለ።

እንግዲህ በአጭሩ የመቺ ሥራ በሩጫ፣ የወርዋሪ ሥራ በዊኬት ይቈጠራል። ይህን ያኽል ማወቅ ለሚከተለው ይበቃል።

ለ. ዳኛው ማን ነው?

ከክሪኬት ሽልማቶች መካከል በዕድሜ አንጋፋው ዋንጫም ገንዘብም አይደለም፤ በመጽሐፍ ላይ መጻፍ ነው። ዊዝደን የሚባለው የክሪኬት ዓመታዊ መጽሐፍ መታተም የጀመረው በ1864 ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከመሥራቹ ከጆን ዊዝደን ነው፤ እርሱም ራሱ የታወቀ ተጫዋች ነበር። ይኸው መጽሐፍ በ1889 እትሙ የዓመቱን ስድስት ታላላቅ ወርዋሪዎች መርጦ አከበረ። በሚቀጥለው ዓመት ዘጠኝ መቺዎችን፣ በ1891 ደግሞ ከመቺው ኋላ ቆመው ኳስ የሚቀልቡትን አምስት ዊኬት ጠባቂዎች መረጠ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አምስት ሰው መምረጥ ልማድ ሆነ። ሆኖም ልማዱ አንዳንድ ጊዜ ተጥሷል። በ1896 ደብልዩ. ጂ. ግሬስ ብቻውን ተመረጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1916ና በ1917 እትሞች ማንም አልተመረጠም። በ1918ና በ1919 ደግሞ ትልልቆቹ ተጫዋቾች በጦር ሜዳ ስለ ነበሩ ክብሩ የተሰጠው ለትምህርት ቤት ልጆች ነበር።

የዊዝደን ዳኛ አንድ ሰው ነው፤ እርሱም የመጽሐፉ አዘጋጅ ነው። የሚመርጠውም በአብዛኛው ባለፈው የእንግሊዝ የጨዋታ ወራት የታየውን ሥራ ተመልክቶ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ተጫዋች በሕይወቱ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ሥርዓት ሆኗል፤ ከዚህ ሥርዓት የወጡት እንደ ጃክ ሆብስ ያሉ በጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

በሁለተኛው ወገን የምናገኘው የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ሽልማት ነው። ይህ ከዊዝደን ጋር ሲነጻጸር ሕፃን ነው፤ የተጀመረው በ2004 ነውና። የዓመቱ ታላቅ ተጫዋች የሚቀበለው ዋንጫ በማን ስም እንዲጠራ እንዲመርጡ ሦስት የቀድሞ ተጫዋቾች ተጠየቁ፤ እነርሱም የአውስትራልያው ሪቺ ቤኖ፣ የህንዱ ሱኒል ጋቫስካርና የጃማይካው ማይክል ሆልዲንግ ነበሩ። ሦስቱም የመረጡት የባርቤዶሱን ሰር ጋርፊልድ ሶበርስን ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ የህንዱ መቺ ራሁል ድራቪድ ወሰደ። ዳኞቹም አንድ ሰው ሳይሆኑ ከቀድሞ ተጫዋቾች፣ ከጋዜጠኞች፣ ከየቡድኑ አምበሎችና ከሜዳ ዳኞች የተውጣጡ ሃምሳ ያኽል መራጮች ነበሩ።

ሦስተኛው ዐይነት ዳኛ ሕዝቡ ራሱ ነው። ምክር ቤቱ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ የወሩን ተጫዋች መምረጥ ሲጀምር፣ ከድምፁ 90 ከመቶው የመራጮቹ ጉባኤ፣ 10 ከመቶው ደግሞ የተመልካቹ እንዲሆን ወሰነ።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? በበኩሌ እያንዳንዱ ብርታትም ድካምም ያለው ይመስለኛል። አንድ ሰው ሲፈርድ ፍርዱ የማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ቢሳሳት የሚወቀሰው፣ ቢደፍርም የሚመሰገነው እርሱ ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው ዐይን ከተቀመጠበት ቦታ አያልፍም። የዊዝደን አዘጋጅ የሚፈርደው በእንግሊዝ አገር የታየውን እያየ በመሆኑ፣ ዓለም የፈራቸው ወርዋሪዎች፣ የባርቤዶሱ ዌስ ሆልና የአውስትራልያው ጄፍ ቶምሰን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከአምስቱ ሳይቈጠሩ ቀርተዋል። በ1997 ግን የስሪ ላንካው ሳናት ጃያሱሪያ ባለፈው የእንግሊዝ የጨዋታ ወራት በዚያ ሳይጫወት ተመረጠ፤ አገሩ በ1996 የዓለምን ዋንጫ ስትወስድ የመታበት አመታት የጨዋታውን አካሄድ ለውጦ ነበርና። ይህ የሚያሳየው ሕጉ ከእውነቱ ሲጠብ ሕጉን ማስፋት የዳኛው ፈንታ መሆኑን ነው።

ጉባኤ ሲፈርድ ደግሞ ዐይኑ ይበዛል፤ ነገር ግን ኀላፊነቱ ይበተናል። በ2012 የፓኪስታኑ ወርዋሪ ሰኢድ አጅማል በቴስት ተጫዋችነት ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ በመቅረቱ የአገሩ የክሪኬት ቦርድ ተቃውሞ አቀረበ። ምክር ቤቱ ምርጫው በራሱ ነጻ ሥርዓት የተፈጸመ ነው በማለት ዝርዝሩን ሳይለውጥ ቀረ። የሥርዓቱን ነጻነት መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ግን አጅማልን ማን እንዳስቀረው ቢጠየቅ ኀላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው አይገኝም።

ሕዝብ ሲፈርድስ? የጨዋታው ባለቤት ተመልካቹ ነውና ድምፅ ሊነፈገው አይገባም የሚል ክርክር አለ፤ እውነትም አለበት። ሆኖም ክሪኬት የሚወዱ የህንድ ሰዎች ብዛት ከባርቤዶስ ሕዝብ ጋር በምን ይመዛዘናል? ድምፅ በሰው ራስ ብቻ ቢቈጠር ኖሮ የትንሽ አገር ልጅ ምንም ያኽል ቢጫወት ዋንጫውን ከሩቅ ያየው ነበር። የሕዝቡ ድምፅ በ10 ከመቶ መወሰኑ ከዚህ አንጻር ሲታይ ሕዝብን መናቅ አይደለም፤ ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ መጠበቅ ነው።

ሐ. መለኪያው ምንድር ነው?

ክሪኬት ቍጥር የሚወድ ጨዋታ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ለምን መራጭ ያስፈልጋል? ቍጥሩ ራሱ ለምን አይፈርድም? ይል ይሆናል። እስቲ ቍጥሩን እንመልከተው።

የመቺ ዋናው መለኪያ አማካይ ነው። ያገኘው ሩጫ ከጨዋታ በወጣበት ጊዜ ብዛት ይካፈላል። የአውስትራልያው ዶናልድ ብራድማን በ52 ቴስቶች 80 ጊዜ ለመምታት ገብቶ 10 ጊዜ ሳይወጣ ቀርቷል፤ ስለዚህ የወጣው 70 ጊዜ ነው። ያገኘው ሩጫ 6,996 ስለ ሆነ፣ ለ70 ሲካፈል 99.94 ይመጣል። በቴስት ብዙ ከተጫወቱት መካከል ወደዚህ ቍጥር የቀረበ ማንም የለም፤ አማካዩ 50 የደረሰ መቺ ከታላላቆቹ ይቈጠራል። የወርዋሪው ስሌት በተቃራኒው ነው። ያስቈጠረበት ሩጫ በጣለው ዊኬት ይካፈላል፤ ስለዚህ የወርዋሪ አማካይ ባነሰ መጠን ሥራው የበለጠ ነው። በ2024 የህንዱ ጃስፕሪት ቡምራ በቴስት 71 ዊኬት ሲጥል አማካዩ ከ15 በታች ነበር፤ የዚያን ዓመት የሶበርስ ዋንጫም የተሰጠው ለእርሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ቍጥሩ በቂ ይመስላል። ነገር ግን መቺን ከወርዋሪ ጋር በምን እናወዳድራለን? የብራድማን ዐይነት አማካይ ሲጨምር ይከበራል፤ የቡምራ ዐይነት ሲቀንስ ይከበራል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ቀመር ተፈልጎ ቢገኝ እንኳ፣ ቀመሩን የሚያወጣው ሰው ስለ ሆነ የሰው ፍርድ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል። በ2005 መራጮቹ የደቡብ አፍሪካውን ዣክ ካሊስንና የእንግሊዙን አንድሩ ፍሊንቶፍን ለማበላለጥ ስላልቻሉ ዋንጫውን ለሁለቱ በእኩልነት ሰጡ። ሁለቱም መምታትንና መወርወርን ያጣመሩ ተጫዋቾች ነበሩ።

ዋንጫው የተጠራበት ሶበርስም እንደዚሁ ነበር። በ1958 በፓኪስታን ላይ ሳይወጣ 365 ሩጫ አግኝቶ ለ36 ዓመት ያልተሰበረ ክብረ ወሰን አቁሟል። በ93 ቴስቶች 8,032 ሩጫ ሲያገኝ 235 ዊኬትም ጥሏል። አወራወሩም አንድ ዐይነት አልነበረም፤ ሲያሻው በፍጥነት፣ ሲያሻው ኳሱን እያሽከረከረ ይወረውር ነበር። ዊዝደን በ2000 እትሙ የምእተ ዓመቱን አምስት ተጫዋቾች ለማስመረጥ 100 መራጮችን ሰብስቦ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ስም እንዲሰጡ ባደረገ ጊዜ ብራድማን ከ100 መራጮች 100 ድምፅ፣ ሶበርስ 90 ድምፅ አገኙ፤ ሦስተኛው ጃክ ሆብስ ያገኘው 30 ብቻ ነበር። ልብ እንበል፤ በአማካይ ብራድማንን የሚወዳደር ስለሌለ የእርሱ ጉዳይ ክርክር አልነበረበትም። የሶበርስ 90 ድምፅ ግን ከአንድ ቍጥር ብቻ የመጣ አይደለም፤ ብዙ ልዩ ልዩ ሥራ በአንድ ሰው ላይ ተደምሮ በሰዎች አእምሮ የተመዘነበት ነው።

ከዚህም የሚያልፍ ነገር አለ። ምክር ቤቱ ለጨዋታው መንፈስ የሚሰጠው ሽልማት በምንም ቍጥር አይለካም። በ2011 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም በተደረገው ቴስት የእንግሊዙ መቺ ኢያን ቤል ጨዋታው ለሻይ ዕረፍት የቆመ መስሎት ቦታውን ትቶ ሲሄድ፣ የህንድ ተጫዋቾች ዊኬቱን መተው ከጨዋታ አስወጡት። በሕጉ ወጥቷል። የህንድ አምበል ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ግን በዕረፍቱ ጊዜ አቤቱታውን አንሥቶ ቤል ተመልሶ እንዲመታ ፈቀደለት። ህንድም ያንን ግጥሚያ በ319 ሩጫ ተሸነፈች። ዶኒ ግን ለዚሁ ተግባሩ በዚያው ዓመት የጨዋታውን መንፈስ ሽልማት ተቀበለ፤ በኋላም ይኸው ተግባር የዐሥር ዓመቱ ምርጥ ተብሎ በድጋሚ ተከበረ። በነጥብ መዝገብ ላይ ይህ ሥራ የሚታየው በኪሳራ ዐምድ ነው፤ በሽልማቱ መዝገብ ግን በትርፍ ዐምድ ተጻፈ። እንግዲህ ቍጥር ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ያለ ምስክር መፍረድ ግፍ ነው፤ ምስክሩን ዳኛ ማድረግም ስሕተት ነው።

መ. ወደ ሚዛኑ የወጣው ማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ዳኛው ትክክለኛ ቢሆን፣ መለኪያውም የተጣራ ቢሆን የሚመዘነው ወደ ሚዛኑ የወጣው ብቻ ነው። ከሜዳው በር የተመለሰ ሰው ሩጫም ዊኬትም የለውም፤ በዝርዝሩ ላይ አለመገኘቱም ጕድለት መስሎ አይታይም።

የምዕራብ ህንድ ደሴቶችን ታሪክ እንይ። በ1934 የጃማይካው መቺ ጆርጅ ሄድሊ፣ በ1940 የትሪኒዳዱ ሊሪ ኮንስታንታይን በዊዝደን ተመረጡ። በ1950 የደሴቶቹ ቡድን እንግሊዝን በገዛ አገሯ 3 ለ 1 ከረታ በኋላ፣ በ1951 እትም ከአምስቱ ተመራጮች አራቱ ከዚያው ቡድን ሆኑ፤ እነርሱም ፍራንክ ዎረል፣ ኤቨርተን ዊክስ፣ ሶኒ ራማዲንና አልፍ ቫለንታይን ነበሩ። በዚህ ረገድ መጽሐፉ የእንግሊዝ ሆኖ ሳለ እውነቱን ጽፏል፤ ይህም ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ የዚያ ቡድን አምበል የሚሆነው በልማድ ነጭ ነበር። ሄድሊ በ1948 ለአንድ ቴስት ብቻ አምበል ከመሆኑ በቀር፣ ጥቍር ሰው በሙሉ የግጥሚያ ጕዞ ቡድኑን እንዲመራ አልተፈቀደም ነበር። ሲ. ኤል. አር. ጄምስ የተባለው የትሪኒዳድ ጸሓፊ በጋዜጣው አጥብቆ ከተከራከረ በኋላ ዎረል አምበል ሆኖ ቡድኑን ወደ አውስትራልያ የመራው በ1960 ነው። በሽልማቱና በሥልጣኑ መካከል ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ከዚህ የምንማረው ሰውን መሸለም ሰውን ከማሾም የሚቀል መሆኑን ነው። ባለሥልጣን የሚያመሰግነውን ሰው ሁሉ በእኩልነት ተቀብሎታል ማለት አይደለም።

የደቡብ አፍሪካው ታሪክ ከዚህ ይብሳል። በ1966 እትም ዊዝደን ከመረጣቸው አምስት ሰዎች ሦስቱ የደቡብ አፍሪካ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ፤ ሦስቱም ነጮች ናቸው። በችሎታቸው ክብሩ እንደሚገባቸው የሚጠራጠር የለም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1967፣ ደግሞ ከተመረጡት አንዱ ባዚል ዶሊቬራ ነበር። እርሱም የኬፕ ታውን ልጅ ነው፤ ነገር ግን የዘር መለያየት ሕግ ክልስ ብሎ ስለ መደበው በአገሩ ብሔራዊ ቡድን ለመጫወት አይችልም ነበር። በ1960 ጆን አርሎት በተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ርዳታ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በ1966 ለእንግሊዝ ቡድን የመጀመሪያውን ቴስት ተጫወተ። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ስሙ የተገኘው አገሩን በመልቀቁ ነው። አገራቸውን ለመልቀቅ ያልቻሉት የእርሱ ብጤዎች ስንት ነበሩ? ለዚህ ጥያቄ የትኛውም የሽልማት መዝገብ መልስ የለውም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1968 እንግሊዝ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ በተሰናዳችበት ጊዜ ዶሊቬራ በለንደን ኦቫል ሜዳ በአውስትራልያ ላይ 158 ሩጫ አገኘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የተጓዦቹ ስም ሲነበብ የእርሱ አልነበረበትም። ብዙ ሰው ተቈጣ። ቶም ካርትራይት የተባለው ተጫዋች በጉዳት ምክንያት ሲቀር ዶሊቬራ በቦታው ተተካ፤ የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ፎርስተርም ይህን ቡድን አልቀበልም አለ። ጕዞው ተሰረዘ። ከ1970 በኋላም ደቡብ አፍሪካ እስከ 1991 ድረስ ከዓለም አቀፍ ክሪኬት ተለይታ ቆየች።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ዶሊቬራ ከዝርዝሩ በተፋቀ ጊዜ ችሎታ ጐደለው የሚል ምክንያት ለማቅረብ አስቸጋሪ የሆነው ለምንድር ነው? መዝገብ ስለ ነበረው ነው። 158ቱ ሩጫ ተጽፏል፤ ከዓመት በፊት የተሰጠው ክብርም ታትሟል። ሐቀኛ ሽልማት ተሸላሚውን ከማስደሰት ሌላ ይህ ጥቅም አለው፤ በኋላ ሰው ሲበደል ለተበደለው ማስረጃ ይሆነዋል።

የሴቶቹም ጉዳይ ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ የተደረገው በ1973 ሲሆን ከወንዶቹ ሁለት ዓመት ይቀድማል፤ በሬቸል ሄይሆ ፍሊንት አምበልነት እንግሊዝ አሸነፈች። ዊዝደን ግን ሴት ከአምስቱ አንዷ አድርጎ የመረጠው በ2009 ነው፤ እርሷም ክሌር ቴይለር ናት። ከ1889 ተነሥተን ስንቈጥር 120 ዓመት ይሆናል። የዓለም አቀፉ ምክር ቤትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለሴት ሽልማት አልነበረውም፤ በ2006 የአውስትራልያዋ ካረን ሮልተን የመጀመሪያዋ ሆነች። ከ2017 ጀምሮ የሴቶቹ ታላቅ ሽልማት በሄይሆ ፍሊንት ስም ይጠራል፤ በመጀመሪያ የተቀበለችውም ኤሊስ ፔሪ ናት።

ከአህጉራችንም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ጎረቤታችን ኬንያ በ2003 የዓለም ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ብዙዎችን አስደንቃለች። ምክር ቤቱ በ2007 የቴስት ደረጃ ላልተሰጣቸው አገሮች ተጫዋቾች ልዩ ሽልማት ሲያቆም የመጀመሪያው ተሸላሚ ኬንያዊው ቶማስ ኦዶዮ ሆነ። ይህን ሽልማት በሁለት ወገን ማየት ይቻላል። በአንድ ወገን ማንም የማያየውን ተጫዋች ወደ ብርሃን አውጥቷል። በሌላ ወገን ግን የአንተ ሚዛን ይህ ነው፤ ትልቁ ሚዛን ወዲያ ነው እንደ ማለት ነው። ልዩ ሽልማት መሰላል ሊሆን ይችላል፤ አጥርም ሊሆን ይችላል። የአፍጋኒስታኑ ራሺድ ካን በ2017 ይህንኑ የታናናሾቹን ሽልማት ተቀብሎ፣ አገሩ በዚያው ዓመት ሙሉ አባል ስለ ሆነች፣ በ2020 በአጭሩ ግጥሚያ ዐይነት የዐሥር ዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ለእርሱ መሰላል ሆኖለታል።

በዚያው በአፍጋኒስታን ግን ሌላ ታሪክ አለ። በ2020 የአገሩ የክሪኬት ቦርድ ለ25 ሴቶች ውል ሰጥቶ ነበር። በ2021 ታሊባን ሥልጣን ሲይዝ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ አውስትራልያ ተሰደዱ። በ2024 በአንድ ቀን ግጥሚያ የዓመቱ ምርጥ ወንድ ተጫዋች የተባለው አፍጋኒስታናዊው አዝማቱላ ኦማርዛይ ነው፤ ሽልማቱም የሚገባው ነው። ከሴቶቹ መካከል የእርሱን ያኽል ችሎታ ያላት ነበረች ወይስ አልነበረችም? መልስ ሊሰጥ የሚችል የለም፤ እንዳትመዘን ተደርጋለችና።

ሠ. ማጠቃለያ

ምናልባት እዚህ የደረሰ አንባቢ፣ ሽልማት የዓለምን በደል ለማረም የተቋቋመ አይደለም፤ የተጫወተውን መዝኖ ካከበረ ሥራውን ፈጽሟል ይለኝ ይሆናል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። በእርግጥም የሜዳውን በር የዘጋው መራጩ አይደለም፤ ባልተጫወተ ሰው ላይ የተጫወተ መስሎ መፍረድም ሐሰት ነው። ለተጫዋቹም ቢሆን የሚገባውን ክብር ስለ ሌሎች በደል መንሣት ሁለተኛ በደል ይሆናል። ነገር ግን ሽልማቱ ራሱን ሲጠራ የዓለም ምርጥ ብሎ ነው። በሩ ለሁሉ ሳይከፈት የዓለም ማለት፣ የገቡትን ምርጥ የሰው ሁሉ ምርጥ አድርጎ ማቅረብ ነው። ስለዚህ መራጩ በተጫወቱት መካከል ብቻ ቢፈርድም፣ አንባቢው ግን የፍርዱን ወሰን ማወቅ ይኖርበታል።

ይህ ትምህርት በክሪኬት ሜዳ አይወሰንም። በዩኒቨርስቲ ውስጥ የምንኖር ተማሪዎች ነንና ከማዕርግና ከሽልማት ዝርዝር ጋር በየጊዜው እንገናኛለን፤ ነገ ደግሞ ከእኛ ብዙዎቹ መምህር፣ መርማሪ፣ ዳኛና የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ሆነን ዝርዝሩን የምናወጣው እኛ እንሆናለን። ያን ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች በራሳችን ላይ ማቅረብ ይገባናል። የፈረድሁት እኔ ነኝ ብዬ በስሜ ለመቆም እችላለሁን? ቍጥሩን እንደ ምስክር ሰማሁት ወይስ ራሱን ዳኛ አደረግሁት? ፈተናው ወደሚሰጥበት አዳራሽ ለመግባት ያልቻለውስ ማን ነው?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በትጋትና በሐቅ ይመለሳሉ። ሦስተኛው ግን ከወንበር ተነሥቶ እስከ በሩ ድረስ መሄድን ይጠይቃል። ዶሊቬራ ሌላ በር አግኝቶ ገባና ስሙን አወቅነው። በኬፕ ታውን የቀሩትን ጓደኞቹን ግን የትኛውም ዳኛ አልመዘናቸውም።